ቬንትሌተሩ ፊት ያለው ወንበር

ሰው በሰው ቤት ይቀናል፣ በመኪና ይቀናል፣ በሹመት ይቀናል። እኔ የቀናሁት በአንድ ሰውዬ ፊት ነው። በመልኩ ማለቴ አይደለም፤ መልኩስ እንደኛው ነው፣ ፈጣሪ በጥድፊያ የሠራው። የቀናሁት ፊቱ ምንም ስለማይል ነው። ሲደሰት ምንም፣ ሲከፋው ምንም፣ እንሽላሊት አንገቱ ላይ ስትወድቅበት እንኳ ምንም። የእንሽላሊቷን ነገር እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ግን ስለ ሙቀቱ ልንገራችሁ፣ አለዚያ ለአንድ ወንበር ብዬ ትዳሬን አደጋ ላይ መጣሌ አይገባችሁም።

እኛ ሰፈር፣ ድሬዳዋ ሳቢያን ውስጥ፣ እሑድ ከምሳ በኋላ ሰው የሚያደርገው ነገር የለም። ወይ ይተኛል፣ ወይ በሙቀቱ ይማረራል። እኛ ሦስተኛ ነገር አገኘን፣ ፖከር። እኛ ማለት እኔ፣ ጎረቤቴ ጋሽ ደምሴና ቀፊራ ገበያ ቅመም የሚሸጠው አሚን ነን። ጋሽ ደምሴ የምድር ባቡር ጡረተኛ ነው። «ናቸው» ያላልኩት ንቄው እንዳይመስላችሁ፤ ድሬ ላይ ሽማግሌን በድንገት አንቱ ካሉት ምን በሽታ ተገኘብኝ ብሎ ይደነግጣል። ፖከሩን ያስተማረን እሱ ነው፤ እሱን ደግሞ በባቡሩ ዘመን አንድ የጅቡቲ ሰው አስተማረኝ ይላል። ሕጉ ላይ ስንጨቃጨቅ ሁሉንም ነገር በዚያ የጅቡቲ ሰው ላይ ያሳብባል።

ገንዘብ አናስይዝም። የአሚንም የእኛም ሃይማኖት አይፈቅድም፣ ሃይማኖት ቢፈቅድ ሚስቶቻችን አይፈቅዱም። የምናስይዘው የባቢሌ ለውዝ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው እኩል ለውዝ ይሰፈርለታል፤ አምስት አምስት ካርታ ይታደላል፣ ያልወደድከውን አንዴ ትቀይራለህ፣ ከዚያ በያዝከው ልክ ለውዝህን ወደ መሀል ትገፋለህ። ምንም ሳትይዝም ትልቅ ነገር እንደያዘ ሰው ለውዝ ገፍተህ ሌላውን ማስፈራራት ይቻላል። ያልደፈረ ካርታውን ይጥላል። አሥር ሰዓት ላይ ብዙ ለውዝ ያለው አሸናፊ ነው።

ቀልድ መሰላችሁ አይደል? ሽልማቱን አልሰማችሁማ። እኔ ቤት በረንዳ ላይ አንድ ያረጀ ቬንትሌተር አለ። አንገቱ ከተሰበረ ቆይቷል፣ ግራ ቀኝ አይዞርም፤ ነፋሱ የሚደርሰው ፊት ለፊቱ ያለው አንድ ወንበር ጋ ብቻ ነው። እሑድ ያሸነፈ ሰው እስከሚቀጥለው እሑድ የዚያ ወንበር ባለቤት ይሆናል። ሌሎቻችን ነፋሱ ሲነፍስ ድምፁን እንሰማለን። ቬንትሌተሩ የእኔ፣ መብራቱን የምከፍለው እኔ፣ ወንበሩም የሚስቴ ጥሎሽ ነው ማለት ይቻላል፤ ነፋሱ ግን የአሸናፊው ነው። ጋሽ ደምሴ «ሕጉ ነው፣ የአሸናፊ ንፋስ አይነካም» ይላል። የጅቡቲው ሰው ነዋ።

እኔ በዚያ ወንበር ላይ ስንት ጊዜ እንደተቀመጥኩ አትጠይቁኝ። የእኔ ችግር ካርታው አይደለም፣ ፊቴ ነው። ጥሩ ካርታ ሲደርሰኝ ቅንድቤ ሽቅብ ይሄዳል። መጥፎ ሲደርሰኝ ለውዜን መብላት እጀምራለሁ። ምንም ሳላስይዝ ግማሹን ቆርጥሜ የጨረስኩበት እሑድ አለ፤ በታሪክ የራሱን ሀብት በልቶ የተሸነፈ የመጀመሪያው ቁማርተኛ ብሆን አይገርመኝም። ሚስቴ ሮማን ደግሞ ከወጥ ቤት መስኮት ሆና ጀርባዬን ብቻ አይታ የያዝኩትን ታውቃለች። «ስትቀና ጆሮህ ወደ ኋላ ይሸሻል» ትለኛለች። አሥራ ምናምን ዓመት አብራኝ ኖራ ከመላ አካሌ ያጠናችው ጆሮዬን ነው።

ያም ሆኖ ሰላም ነበርን። ሦስታችንም እኩል ሞኞች ስለሆንን ወንበሩ በየተራ ይዞር ነበር፤ ለእኔም አልፎ አልፎ ይደርሰኛል። ጉዱ የፈላው ቬንትሌተሩ የተቃጠለ ጊዜ ነው። የሚጠግነው ሰው ፈልጌ በገዛ እጄ፣ በገዛ እግሬ ሄጄ፣ ባጃጅ ከፍዬ ቤቴ ያመጣሁት እኔ ነኝ።

አብዲ ይባላል። ጅቡቲ ኖሮ የተመለሰ፣ ከእኛ ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይቶ ለብቻው የሚኖር፣ ቬንትሌተርና ፍሪጅ የሚጠግን ሰው ነው። ሞተሩን ፈታ፣ ጠገነ፣ አስነሳው። «አንገቱስ?» አልኩት። «አቦ፣ ለዚህ ሞዴል አንገት የለም» አለኝ። እሑድ ስለነበር ከምስጋና ጋር «ቁጭ በል፣ ካርታ እንጫወት» አልኩት። ይቺን ዓረፍተ ነገር እንደገና ብወለድ አልናገራትም።

ቁጭ አለ። ካርታውን አየ። ፊቱ ላይ ግን ምንም ነገር አልተጻፈም፤ እኔ እንኳ የሰጡትን ካርታ ያላየው መስሎኝ «ገልጠህ እየው እንጂ» ብዬዋለሁ። «አይቻለሁ» አለ። በአሥር ሰዓት ለውዛችን በሙሉ ፊቱ ተቆልሎ ነበር። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ የሸሚዙ ኮሌታ በነፋሱ ይርገበገባል። እኔ ከጀርባዬ ላብ እየወረደ «እንኳን ደስ ያለህ» አልኩት።

በሚቀጥለው እሑድም አሸነፈ። ከዚያ በኋላ ባለው እሑድም። መጀመሪያ ራሴን የማጽናናው፣ ሰውዬው የተረጋጋው ነፋስ ስለሚያገኝ ነው ብዬ ነበር። እኔንም እዚያ አስቀምጡኝና እረጋጋለሁ! በሙቀት የሚቀቀልና በነፋስ የሚወዛወዝ ሰው እኩል መረጋጋት አለበት ያለው ማን ነው?

ከዚያ እንሽላሊቷ መጣች። ጨዋታው መሀል ላይ፣ አብዲ ብዙ ለውዝ ሊገፋ እጁን ሲዘረጋ፣ አንዲት እንሽላሊት ከጣሪያው ወርዳ አንገቱ ላይ ዱብ አለች። አሚን ወንበሩን ይዞ ወደቀ። ጋሽ ደምሴ «በስመ አብ!» ብሎ ጫማውን አነሳ። እኔ፣ እንሽላሊቷ በእኔ ላይ ሳትወድቅ፣ የራሴን አንገት እየመታሁ ሦስት ጊዜ ዘለልኩ። አብዲ በሁለት ጣቱ ቀስ ብሎ አነሳት፣ ግድግዳው ላይ አስቀመጣት፣ ሄደች። ከዚያ ለውዙን ገፋና «ይሄን አስይዣለሁ» አለ። ሁላችንም ፈርተን ካርታችንን ጣልን። ኋላ ስናየው የያዘው ባዶ ነበር፣ ጥንድ እንኳ የለውም።

ለካ ሮማን በመስኮት እያየች ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤቴ ውስጥ ሌላ ወሬ ጠፋ። ለእናቷ በስልክ አወራች፣ ለጎረቤት አወራች፣ ለባጃጅ ሹፌር ሁሉ አወራች። «እንሽላሊቷ እራሷ እኮ አልደነገጠችም!» ትላለች። እኔስ? የዘለልኩትንም ታወራለች፣ እያስመሰለች፣ አንገቷን በእጇ እየመታች። ሰው ሁሉ ይስቃል።

ሲብስ ደግሞ አብዲ የቤታችን መለኪያ ሆነ። ውሃ ሲጠፋ ተነጫነጭኩ፤ «አብዲ ቢሆን ጀሪካን ይዞ ዝም ብሎ ይሄድ ነበር» አለችኝ። ሥራ ቦታ፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ የጨርቅ ጥቅል የምቆጣጠርበት መጋዘን፣ አለቃዬ ስላበሳጨኝ ቤት መጥቼ ስፎክር «እስቲ እንደ አብዲ ተረጋጋ» አለችኝ። እሑድ እሑድ ቀዝቃዛ ካርካዴ ስታመጣልን የመጀመሪያው ብርጭቆ ለአብዲ ነው። «እንግዳ ስለሆነ ነው» ትላለች። ስንት ወር ሙሉ እንግዳ የሚሆን ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ቅጥል አልኩ። ድብን አልኩ። በነፋሱ ቀንቻለሁ፣ በፊቱ ቀንቻለሁ፣ አሁን ደግሞ ሚስቴ እሱን በምታይበት ዓይን ቀናሁ። ሮማን እንዲያ አድርጋ እኔን ብታየኝ ሌላ የምፈልገው ነገር አልነበረም።

ስለዚህ መረጋጋት ሊማሩት የሚቻል ነገር ከሆነ ልማረው አልኩ። ስልኬ ላይ የዓለም ትልልቅ የፖከር ተጫዋቾች እንዴት ስሜታቸውን እንደሚቆጣጠሩ የሚያስረዱ ቪዲዮዎች አገኘሁ። ጥቁር መነጽር፣ ኮፍያ፣ ሐውልት የመሰለ ፊት ያላቸው ሰዎች ናቸው፤ አንድ ጎረምሳ ከሥር ከሥር በአማርኛ ያብራራል። ካርታውን መቆጣጠር አትችልም፣ ራስህን ግን ትችላለህ ይላል። ስታሸንፍም ስትሸነፍም ትንፋሽህ አንድ ዓይነት ይሁን ይላል። በንዴት ላይ ሆነህ አትወስን፣ ውጤቱን ረስተህ ውሳኔህን ብቻ አጥራ ይላል። ልቤን የነካው ግን የመጨረሻው ነው፤ ጠረጴዛ ላይ ብቻ የሚረጋጋ ሰው አልተረጋጋም፣ ልምምዱ በየዕለት ኑሮህ ውስጥ መሆን አለበት አለ። እኔ ደግሞ ትምህርት ከያዝኩ አልለቅም።

የመጀመሪያው ልምምድ ቀፊራ ሆነ። ሮማን ቲማቲም ግዛ ብላኝ ነበር። አንዷ ነጋዴ ፊት ቆምኩ፣ ዋጋዋን ነገረችኝ። ውድ ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን እጮሃለሁ፣ እምላለሁ፣ ሄጄ እመለሳለሁ። አሁን ግን በአፍንጫዬ ተነፈስኩና ፊቴን ድንጋይ አድርጌ አየኋት። አልሰማኝም ብላ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ደገመችው። ዝም። በኦሮምኛ ነገረችኝ። ዝም። በሶማሊኛ ሞከረች፣ በዓረብኛም ጨመረች። አራት ቋንቋ ጨርሳ በጣቷ ልታሳየኝ ስትጀምር ፊቷ በሐዘን ተለወጠ።

«አቦ፣ ደንቆሮ ነው እኮ ምስኪኑ!» አለች አጠገቧ ላለችው። «መልኩም ደህና ነበር።»

ከተናገረችው ዋጋ ቀንሳ፣ የበሰለ የበሰለውን መርጣ፣ ሁለት ሎሚ መርቃ በፌስታል ሰጠችኝ። አሠራሩ እንዲህ የሚያዋጣ ከሆነማ ብዬ በሆዴ እየጨፈርኩ ልሄድ ስል፣ አሚን ከቅመም መደብሩ ሆኖ ስሜን ጠራና «ወሪያ! እሑድ ትመጣለህ?» ብሎ ጮኸ። ዞር ብዬ «እመጣለሁ!» አልኩት።

የሆነውን ሁሉ አልተርክም። ሎሚዎቹን ነጠቀችኝ፣ ቲማቲሙንም መለሰች፣ በአራቱም ቋንቋ ደግሞ ሰደበችኝ፤ አሁን እንደምሰማ ስላወቀች አንዱንም አልዘለለችም። ፊቴን ግን አልቀየርኩም። አሚን ኋላ «ምን ነካህ? ስትሰደብ የጸሎት ሰዓት የደረሰብህ ትመስላለህ» አለኝ። ይሄን እንደ ምስጋና ወሰድኩት።

ሁለተኛው ልምምድ ከዚህም ባሰ። ጎረቤታችን ወልዳ አራስ ልንጠይቅ ከሮማን ጋር ሄድን። ሕፃኑን አሳቀፉኝ። ወፍራም፣ ፀጉሩ ሙሉ፣ ደስ የሚል ልጅ ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን እንደ እብድ ነው የምለፈልፈው። አሁን ግን በአፍንጫዬ ተነፈስኩና ዝም ብዬ አፍጥጬ አየሁት። የልጁ አያት ከተቀመጡበት ተነሱ።

«ልጄ፣ ምነው እንዲህ አየኸው?» አሉኝ።

«ጥሩ ነው» አልኩ፣ ያለ ምንም ስሜት።

«እትፍ በልበት!»

«አያስፈልግም፣ ጥሩ ነው።»

ልጁን ከእጄ ቀምተው ነጠላቸው ውስጥ ሸሸጉት። እኔ በአንድ ሰውዬ ቀንቼ የጀመርኩት ነገር፣ በአሥር ቀን ሕፃን የምቀና ቡዳ አስባለኝ። ሮማን እጄን ይዛ እየጎተተች አስወጣችኝ። የተናደደች መስሎኝ ነበር፤ ለካ ፈርታ ነው።

ቤት ስንደርስ አዲስ የገዛችውን ድሪያ ለብሳ መጣች። ሰፊ፣ ቀለል ያለ፣ ብርቱካናማ አበባ ያለበት። ፊቴ ቆማ ዞረችና «እንዴት ነው?» አለችኝ። አምሮባታል። ልቤ ጥፍት ብሏል፣ ልንገራችሁ። ግን ውስጤ የገባው የቪዲዮው ጎረምሳ «ጥሩ ካርታ ሲመጣልህ ነው ፊትህን የምትጠብቀው» አለኝ። ስለዚህ «ደህና ነው» አልኳት።

ሮማን ለአፍታ አየችኝ። እንደ ወትሮው አላኮረፈችም፣ አልጮኸችም። ድሪያውን አውልቃ አጣጥፋ ሳጥን ውስጥ ከተተችው። ጭንቀቷ ገብቶኝ ቢሆን ኖሮ እዚያው ላይ እግሯ ሥር እወድቅ ነበር። እኔ ግን ምን አሰብኩ መሰላችሁ? ትምህርቱ እየሠራ ነው አልኩ። እሷ እንኳ ማንበብ አቃታት አልኩ።

ሙሉ ሳምንት ሐውልት ሆኜ ኖርኩ። ወጡ ጨው በዝቶበት አላማረርኩም። የምወደውን ስትሠራልኝ አላመሰገንኩም። በዚህ መሀል ሮማን ልብሴን ማሽተት ጀመረች። ከሥራ ስገባ ኪሴን ታያለች። ጋሽ ደምሴን አጥር ላይ ጠርታ ስታንሾካሹክ አየኋት፤ እሱም ኋላ ለብቻዬ ይዞኝ «ስማ፣ ቤትህ ተጨንቋል» አለኝ። «ሚስትህ ምን አለችኝ መሰለህ? ባሌ ሊደብቀው የሚችለው ነገር ስላልነበረው ነው እስከዛሬ ፊቱ ሁሉን የሚናገረው። አሁን ፊቱን ከዘጋ፣ የሚደብቀው ነገር አግኝቷል ማለት ነው አለችኝ። ሴት አለች ወይ አንተ?»

«እሑድ ይታያል» አልኩት፣ በአፍንጫዬ እየተነፈስኩ። አሁን ሳስበው ለእንዲህ ያለ ጥያቄ እንዲህ ያለ መልስ የሚሰጥ ሰው ጥፊ ይገባዋል።

እሑድ ደረሰ። ሙቀቱ የተለየ ነው፤ ዶሮዎች እንኳ ክንፋቸውን አንስተው ነው የሚሄዱት። አብዲ ወንበሩ ላይ፣ ኮሌታው እየተርገበገበ። እኛ ሦስታችን በላብ። የዚያን ቀን ግን አንዲትም ለውዝ አልበላሁም፣ ቅንድቤም ካለበት አልተነቃነቀም። አሚን አንዴ «ታመሃል?» አለኝ፣ ጋሽ ደምሴም ግራ ገብቶት ጥሩ ካርታ ይዞ ጣለልኝ። ለውዜ ተቆለለ። የመጨረሻው ዙር ሲደርስ፣ አሥር ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ በእኔና በአብዲ ለውዝ መካከል ያለው ልዩነት እፍኝ የማትሞላ ነበረች።

ጋሽ ደምሴ በውዞ አደለ። ካርታዬን ቀስ ብዬ ገለጥኩ፤ ሁለት ንግሥት፣ ሁለት አሥር፣ አንድ የማይረባ። የማይረባውን ጣልኩና ቀየርኩ። የመጣችው ሦስተኛዋ ንግሥት ናት። ሦስት ንግሥትና ሁለት አሥር! እንዲህ ያለ ካርታ በዚያ በረንዳ ላይ ታይቶ አይታወቅም። ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይመታል፣ ፊቴ ግን ድንጋይ ነው። አሚን ጣለ፤ ጋሽ ደምሴ ጣለ። እኔ ትንሽ ለውዝ ገፋሁ፣ እንደ ፈራ ሰው። አብዲ ፊቴን አየ። ረጅም ጊዜ አየኝ። ምንም አላገኘም። ለመጀመሪያ ጊዜ ያ ሰውዬ እኔን ማንበብ አቃተው! እጁን በለውዝ ቁልሉ ላይ አሳረፈ፤ ሁሉንም ሊገፋ ነው። ከገፋው አለቀለት። ወንበሩ የእኔ ነው፣ ነፋሱ የእኔ ነው፣ የመጀመሪያው ብርጭቆ ካርካዴም የእኔ ነው።

ሮማን ከቤት ወጣች። ካርካዴ አልያዘችም። ጠረጴዛው አጠገብ ቆመች፣ ዓይኗ ቀልቷል።

«እነዚህ ሰዎች ፊት ልጠይቅህ» አለችኝ። «ብቻችንን ስንሆን አትመልስልኝም። ሌላ ሴት አለችህ?»

ቬንትሌተሩ ብቻ ነው የሚሰማው። አሚን ዓይኑን ጣሪያው ላይ ተከለ። ጋሽ ደምሴ አጎነበሰ። አብዲ እጁን ለውዙ ላይ እንዳደረገ እኔን ያያል፤ ፊቴ ላይ አንዲት ነገር ብትንቀሳቀስ ይገባዋል፣ እጁን ይሰበስባል። ሮማንም ታየኛለች፤ ፊቴ ላይ አንዲት ነገር ካልተንቀሳቀሰ እሷም ይገባታል። ያ የስልኩ ጎረምሳ ስለ እንዲህ ያለው ሁኔታ ምንም አላለም ነበር።

ዝም አልኩ። አዎ፣ አልዋሻችሁም፣ መጀመሪያ የታየኝ ወንበሩ ነው። ከዚያ የሮማንን ፊት አየሁት። እንባዋ ሲወርድ ሳይ ያ ስንት የተለማመድኩት ድንጋይ በአንዴ ተናደ። ብድግ ብዬ ካርታውን ጠረጴዛው ላይ በጥፊ መታሁት።

«ያሉኝ ሴቶች እነዚህ ሦስቱ ናቸው!» ብዬ ጮህኩ። «እያቸው! አንዷ ቀይ፣ ሁለቱ ጥቁር! አሁን ነው የመጡት፣ አላውቃቸውም! ሮሚዬ፣ ድሪያው አምሮብሻል! በጣም ነው ያማረብሽ! ወጡ ጨው በዝቶበት ነበር! አብዲ ሲነፍስበት አይቼ በቅናት ላብድ ነው! የአራሷም ልጅ ውብ ነው፣ ሄደሽ እትፍ በይልኝ!»

ይህን ሁሉ ስል በሁለት እጄ ለውዝ እየዘገንኩ እጎርስ ነበር ይባላል። እኔ አላስታውስም። አሚን ግን ይምላል፣ ወላሂ እያለ።

ሮማን ካርታዎቹን አየች፣ ፊቴን አየች። ቅንድቤ ካለበት ተነቅሎ ሄዶ ነበር፤ አፌ በለውዝ ተሞልቷል። እንባዋ ሳይደርቅ ሳቅ አፈናት። «መጣ!» አለች። «ባሌ መጣ!» ትከሻዬን ይዛ መልሳ አስቀመጠችኝ፣ ወንበር ስባ ከኋላዬ ተቀመጠችና በሻሿ ጫፍ አንገቴን ትጠርግ ጀመር።

አብዲ እጁን ከለውዙ ላይ ቀስ ብሎ አነሳ። ካርታውን ሳይገልጥ ጣለው። ጋሽ ደምሴ ፍርዱን ሰጠ፤ ካርታውን ያለጊዜው ያሳየ ሰው መሀል ላይ ያለውን ብቻ ይወስዳል፣ የጅቡቲው ሰው እንዲያ ነው ያለው። መሀል ላይ ያለው ደግሞ እኔ የገፋኋት ትንሽ ለውዝ ነበረች፤ ከቁልሌም ስጮህ የበላሁት ተቀንሷል። አብዲ አሸነፈ። ወንበሩ የእሱ ሆነ።

ግን አልተደሰተም። እንዴት እንዳወቅሁ ልንገራችሁ፤ ፊቱ ላይ ነበር! የሮማን እጅ አንገቴን ሲጠርግ እያየ፣ የዚያ ሰውዬ ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር አለ። ዓይኑ ዝቅ አለ፣ ከንፈሩ ወደ ውስጥ ገባ። ሌሎቹ አላወቁትም ይሆናል። እኔ ግን በዚህ ሙያ የጠለቅሁ ሰው ነኝና ወዲያው አወቅሁት። ቅናት ነው።

«አቦ፣ አንተ የታደልክ ነህ» አለኝ ቀስ ብሎ። «ጅቡቲ እያለሁ ታምሜ ሦስት ቀን ሥራ ገብቻለሁ። አንድ ሰው እንኳ ምን ሆነሃል አላለኝም። ማን ያውቃል? ፊቴ ደህና ነው።»

የምቀናበት ሰው ሲቀናብኝ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፣ ስንት እሑድ የለፋሁለት ነገር ነው። ግን ብታዩት! እኔ ስቀና እዘላለሁ፣ እጎርሳለሁ፣ እጮሃለሁ፣ ጆሮዬ ይሸሻል። እሱ ዓይኑን ዝቅ አደረገ፣ አበቃ። ነፋሱ ኮሌታውን ያርገበግበዋል፣ ፊቱ ላይ ያቺ ትንሽ ሐዘን። ቅናት እንኳ ያምርበታል እኮ!

ከዚያ ተነሳ። ቬንትሌተሩን ከነእግሩ በሁለት እጁ አንስቶ ወደ እኛ፣ ወደ እኔና ወደ ሮማን አዞረው። ያን ሁሉ ዓመት አንገቱ አይዞርም ብለን በላብ ስንቀቀል፣ እግሩን ይዞ ማዞር እንደሚቻል አንዳችንም አላሰብንም። ጋሽ ደምሴ ስለ ሕጉ ሊናገር አፉን ከፈተና ነፋሱ እሱንም ነካ ሲያደርገው መልሶ ዘጋው።

«ማሻአላህ!» አለች ሮማን ከኋላዬ። «እንዴት ያለ ሰው ነው! አሸንፎ ንፋሱን ለሰው የሚሰጥ!»

ነፋሱ ደረቴን ያቀዘቅዘዋል፣ ሆዴ ውስጥ ግን አንድ የማውቀው ነገር ጭስ ጭስ ማለት ጀመረ። እንዳይታወቅብኝ የተማርኩትን ሁሉ በአንዴ አደረግሁ። በአፍንጫዬ ተነፈስኩ፣ ቅንድቤን ያዝኩ፣ ከንፈሬን ገጠምኩ። አብዲ ፊት ለፊቴ ቆሞ አየኝ፣ ምንም አላገኘብኝም። አሚንም ምንም አላየም።

የሮማን እጅ አንገቴ ላይ ቆመ።

«አሁን ደግሞ በምን ቀናህ?» አለችኝ፣ ከኋላዬ።